ጎረቤት የሆነ እንግዳ በጥምቀት ብቻውን አይቁም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጣሊያን፣ ከሲሲሊ ደሴት፣ ካታኒያ ከምትባል ከተማ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ጎንደር ነው። እዚህ ባዳንቴ ሆኜ ነው የምሠራው። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናትን ቤታቸው እየኖርኩ እጦራለሁ። ጋዜጣችሁን በስልኬ አነባለሁ፣ ብዙ ጊዜ ማታ እሳቸው ከተኙ በኋላ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ስለ ውጭ አገር እንግዶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ስለ ሆቴሉ፣ ስለ አስጎብኚው፣ ስለ ጸጥታው፣ ስለ መንገዱ ተነስቷል። መነሳቱ ጥሩ ነው። ግን አንድ እንግዳ ተረስቷል። ካሜራ አንግቶ ለሦስት ቀን መጥቶ የሚመለሰውን ማለቴ አይደለም። እዚያው ሰፈራችን ቤት ተከራይቶ የሚኖረውን ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የሌላ አፍሪካ አገር ልጅ አለ። ከጦርነት ሸሽቶ የመጣ ሱዳናዊ አለ። መንገድ ሥራ ላይ ያለ ቻይናዊ አለ። እነዚህ አስጎብኚ አይቀጥሩም። በዓሉ በደጃቸው ሲያልፍ ያዩታል፣ ምን እንደሆነ ቁጭ ብሎ የሚነግራቸው ግን የለም። እኔም እዚህ አገር እንደነሱ ነኝ። ስለዚህ የደረሰብኝንም ያገኘሁትንም ልንገራችሁ።

የካታኒያ ትልቁ በዓል የቅድስት አጋታ ነው። በእነሱ አቆጣጠር ከፌብሩዋሪ 3 እስከ 5 ይውላል። የእኛ ጥምቀት ካለፈ ሁለት ሳምንት ገደማ መሆኑ ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይወጣል። ከካቶሊክ ዓለም ትልልቅ በዓላት አንዱ ነው ይባላል፣ ያየ ሰው አይጠራጠርም።

እዚህ በኖርኩባቸው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስለዚህ በዓል የማውቀው ጥቂት ነበር። አውቶቡስ እንደማይሠራ አውቃለሁ። ሱቅ እንደሚዘጋ፣ መድኃኒት ቀድሞ መገዛት እንዳለበት አውቃለሁ። ርችቱ ሌሊቱን ሙሉ እንደማያስተኛም አውቃለሁ። ነጭ የለበሰ ሰው ከተማውን ሲሞላው አያለሁ። ለምን? ከወተት ሻጩ ጠየቅኩ። «ሳንታጋታ ናት» አለኝ፣ አለቀ። ሌላም ሰው ጠየቅኩ፣ መልሱ ያው ነው። ክፋት የለባቸውም። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ስላወቁት የማያውቅ ሰው መኖሩ አይታያቸውም። እኛም ጎንደር ላይ እንደዚያው ነን። «ምንድን ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ፈረንጅ «ታቦት ነው» እንላለን፣ ከዚያ እልል እያልን እንሄዳለን።

ነገሩ የተለወጠው አሁን የምጦራቸው እናት ጋ ከገባሁ በኋላ ነው። እግራቸው ስለደከመ ወደ አደባባይ መውረድ አይችሉም። በበዓሉ የመጀመሪያ ቀን በዊልቸር ወደ ሰገነቱ እንዳወጣቸው አዘዙኝ። አወጣኋቸው፣ ብርድ ልብስ አለበስኳቸው፣ ወደ ማድ ቤት ልመለስ ስል እጄን ያዙኝ። «አንቺም ተቀመጪ፣ ካልነገርኩሽ አይገባሽም» አሉኝ። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመሩ።

አጋታ የካታኒያ ልጅ ናት። በሮማው ንጉሥ በዳክዮስ ዘመን ክርስቲያን ነበረች። ኩዊንቲያኖስ የሚባለው አገረ ገዥ ፈለጋት፣ እምነቷንም ሊያስክዳት ሞከረ። እምቢ አለች። ጡቷን አስቆረጠው። እ.ኤ.አ. በ251 በእስር ቤት ሞተች። አሮጊቷ ይህን ሲነግሩኝ ባለፈው ሳምንት የሞተች የሰፈር ልጅ የሚያወሩ ነው የሚመስለው። እንባቸው መጣ። ዛሬም በጡት ካንሰር የታመሙ ሴቶች እሷን ይማጸናሉ አሉኝ። የእሳቸው እህት በዚያ በሽታ ነው የሞተችው፣ ያንንም ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ዳክዮስን እኛም እናውቀዋለን። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማረ ሁሉ ስሙን ሰምቷል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም «ኦርቶዶክስ ሆነሽ የካቶሊክ በዓል ምን አስኬደሽ?» የሚሉኝ ወገኖች አሉ። ጥያቄውን አከብራለሁ። አጋታ ከሞተች ልክ ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ ነው የኬልቄዶን ጉባኤ የተደረገው፣ በ451። እሷ ስትሞት የእኛና የእነሱ ቤተ ክርስቲያን መለያየት ገና አልመጣም። ቁርባናቸውን አልተቀበልኩም፣ አልቀበልምም። እሳቸውም አንድ ቀን ተቀበዪ ብለውኝ አያውቁም። ቆሜ አየሁ፣ ሰማሁ፣ በራሴ ጸሎት አማተብኩ። ከዚህ የበለጠ ማንም አልጠየቀኝም።

ወደ ሰገነቱ ልመለስ። በመጀመሪያ የሚያልፉት ካንዴሎሬ የሚባሉት ናቸው። ረጃጅም፣ በእንጨት የተቀረጹ፣ በወርቅ ቀለም ያሸበረቁ፣ አበባና መብራት የተሞሉ ትልልቅ የሻማ ማማዎች ናቸው። እያንዳንዱ የአንድ ሙያ ማኅበር ነው። የዓሣ ሻጮች አለ፣ የሥጋ ሻጮች አለ፣ የአትክልት ሻጮች አለ። ክብደታቸው በመቶዎች ኪሎ ስለሚቆጠር ብዙ ሆነው በትከሻ ይሸከሟቸዋል። ደግሞ ዝም ብለው አይሄዱም፣ እያወዛወዙ ነው የሚሄዱት፣ የሙዚቃ ጓድ ከኋላ እየተከተለ። ከሁሉም ከባዱ የዳቦ ጋጋሪዎቹ ነው። «እናት» ብለው ይጠሩታል። የአሮጊቷ ባለቤት ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ፣ በወጣትነታቸው ያንን ተሸክመዋል። ትከሻቸው ላይ የቀረ ጠባሳ ነበራቸው። «ያንን ጠባሳ ለሠርጌ ቀን ከገዛልኝ ቀለበት እኩል ነበር የምወደው» አሉኝ። እኔ ከዚያ በፊት ያንን የእንጨት ማማ ስንት ጊዜ በመስኮት እንዳየሁት! አንድም ጊዜ የሰው ትከሻ አልታየኝም ነበር።

ነጩን ልብስም ጠየቅኳቸው። ወንዱም ሴቱም ሕፃኑም ረጅም ነጭ ቀሚስ ለብሶ፣ ወገቡን በገመድ ታጥቆ፣ ጥቁር ቆብ ደፍቶ፣ ነጭ መሐረብ ይዞ ነው የሚወጣው። የሚተረከው እንዲህ ነው። በ1040 የቢዛንታይኑ የጦር አዛዥ ማንያክስ የቅድስቲቱን ዐፅም ወደ ቁስጥንጥንያ ወሰደው። ካታኒያ ያለ አጋታ ሰማንያ ስድስት ዓመት ቆየች። ከዚያ ሁለት ወታደሮች ዐፅሙን በስውር አውጥተው በ1126፣ በኦገስት 17 ወደ ከተማዋ መለሱት። ወሬው የደረሰው ሌሊት ስለነበር ሕዝቡ የመኝታ ልብሱን እንደለበሰ ሮጦ ወጣ። ነጩ ልብስ የዚያ ሌሊት መታሰቢያ ነው ይላሉ። ታሪክ አዋቂዎች ሌላ ምክንያት ይሰጡ ይሆናል። እኔ የወደድኩት ግን ሕዝቡ ልብስ ለመቀየር እንኳ አለመታገሡን ነው። ጎንደር ላይ ከተራ ዕለት ታቦቱ ወጣ ሲባል እናቴ ነጠላዋን እየጎተተች እንዴት እንደምትሮጥ አስታወሰኝ።

በማግሥቱ ልጃቸው ወደ ንጋቱ ቅዳሴ ወሰደችኝ። ጎህ ሳይቀድ ነው የሚጀመረው፣ ሰዉ ግን ከሌሊቱ ጀምሮ ነው ካቴድራሉን የሚሞላው። የአጋታ ምስል ከወገብ በላይ የተሠራ የብር ምስል ነው። በ1376 የተሠራ ሲሆን የራስ ቅሏ ውስጡ አለ፣ ከላይ እስከ ታች በስለት በመጣ ጌጥ ተሸፍኗል። ዓመቱን ሙሉ በካቴድራሉ ውስጥ በሦስት የተለያዩ ቁልፎች በሚዘጋ ትንሽ ክፍል ይቀመጣል። ለሕዝብ የሚታየው በዓመት በጣም ጥቂት ቀን ብቻ ነው። በሩ ሲከፈት ያለውን ለመግለጽ ይከብደኛል። ትልልቅ ወንዶች ያለቅሳሉ። ነጭ መሐረብ በአየር ላይ ይውለበለባል። አንዱ «ሁላችንም አማኞቿ ነን?» ብሎ ይጮኻል፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ቺታዲኒ! ቪቫ ሳንታጋታ!» ብለው ይመልሳሉ። እናንት የከተማዋ ልጆች፣ አጋታ ትኑር ማለታቸው ነው። እልልታ የለም። ግን ጉሮሮዬ ላይ መጥቶ ነበር፣ አላወጣሁትም እንጂ።

ከዚያ ምስሉ በብር ሠረገላ ላይ ይወጣል። ሠረገላውን ፈረስ አይጎትተውም፣ ሞተርም የለውም። እያንዳንዳቸው ከ100 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ሁለት ገመዶች አሉ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ነጭ ለባሾች ይዘው ይጎትታሉ። በዚያ ቀን የከተማውን ዳር ዳር ይዞራል። በማግሥቱ በመሐል ከተማ፣ በቪያ ኤትኔያ ሽቅብ ይወጣል። ሌሊቱ ይነጋል፣ ሰው አይተኛም። የሳን ጁሊያኖ ዳገት የሚባል አለ፣ እዚያ ላይ መጎተቱ ትልቁ ፈተና ነው። ዳገቱ ካለፈ በኋላ በቪያ ክሮቺፈሪ ገዳም ፊት ሠረገላው ይቆማል። ከዚያ ግቢ የማይወጡት የቤኔዲክት ሴት መነኮሳት በፍርግርጉ ውስጥ ሆነው ይዘምሩላታል። ያን ሁሉ ሲጮኽ ያደረ ሕዝብ ጸጥ ይላል። ያንን ለማየት ስል በሚቀጥለውም ዓመት እንቅልፌን አጥቼ ወርጃለሁ።

ምዕመናኑ የስለት ሻማ ይሸከማሉ። አንዳንዱ ሻማ የተሸካሚውን ያህል ቁመት አለው። ልጁ ከሕመም የዳነለት አባት በትከሻው ተሸክሞ ሲሄድ፣ የቀለጠው ሰም አንገቱ ላይ ሲንጠባጠብ አይቻለሁ። ሰሙ መንገዱን ሁሉ ይሸፍነዋል። ማዘጋጃ ቤቱ ሰጋቱራ ያስበትናል፣ ሞተር ብስክሌት ይከለከላል፣ መንገዱ ለቀናት ይፋቃል። የመኪና ጎማ ሰም ላይ ሲሄድ የሚያወጣው ድምፅ ደግሞ ለሳምንት ይሰማል።

አንድ ዓመት በዓሉ ጾመ ነነዌ ላይ ዋለ። ለበዓሉ የሚሠራ ኬክ አለ፣ ውስጡ የወተት አይብ ነው። ልጃቸው ሳህን ሞልታ አመጣችልኝ። ሦስት ቀን እንደምጾም ነገርኳት። ቅር ይላታል ብዬ ፈርቼ ነበር። አሮጊቷ «የምን ጾም ነው?» አሉ። የዮናስን ታሪክ ነገርኳቸው። «ዮናስንማ እናውቀዋለን!» ብለው ተደሰቱ። ከዚያ ልጃቸውን ወደ ታች ላኳት። በበዓሉ መንገድ ዳር የሚሸጥ የተቆላ ሽምብራ አለ፣ እሱን ገዝታ መጣች። ሽምብራ ቆሎ ነው እንግዲህ። ሰገነቱ ላይ ተቀምጠን እየቆረጠምን የምሽቱን ርችት አየን።

ያን ምሽት ነው ስለ እኔ በዓል የጠየቁኝ። ለምን እንደጠየቁኝ ይገባኛል። እሳቸው የራሳቸውን ከነገሩኝ በኋላ የእኔን ለመስማት መንገድ ተከፈተ። ከተራን ነገርኳቸው። ታቦቶቹ በየአቅጣጫው ከየደብራቸው ወጥተው ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር እንዴት እንደሚወርዱ፣ እዚያ እንደሚያድሩ፣ ካህናቱ ሌሊቱን በማሕሌትና በቅዳሴ እንደሚያሳልፉ፣ ጠዋት ውኃው ሲባረክ ወጣቱ እንዴት እንደሚዘል ነገርኳቸው። ቪዲዮም አሳየኋቸው። «ያ ቄስ ራሱ ላይ በጨርቅ የተሸፈነው ምንድን ነው? ለምን አይገለጥም?» አሉኝ። በምችለው አስረዳኋቸው። ትንሽ አሰቡና «የእኛም ከሦስት ቁልፍ ኋላ ነው» አሉ። በትክክል አንድ አይደለም፣ እሱንም ነገርኳቸው። ግን መንገዱን አግኝተውታል።

ከዚህ በፊት የሠራሁበት አንድ ቤት ለጥምቀት ዕረፍት ስጠይቅ «በእኛ ካላንደር ላይ የለም» ተብዬ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድንች እየላጥኩ በጆሮ ማዳመጫ ቅዳሴ የሰማሁበት ጥምቀት አለ። አሁን ጥር 11 ቀኔ ነው። እሳቸው ራሳቸው ናቸው ለልጃቸው «ያን ቀን በዓሏ ነው፣ አንቺ ትመጫለሽ» ያሏት። ጠዋት ነጭ ለብሼ ቀጥታ ሥርጭቱን ስከፍት አጠገቤ ይቀመጣሉ። ውኃው ሲረጭ እጃቸውን ያነሳሉ።

እንግዲህ ወደ ጎንደርና ወደ አዲስ አበባ ልምጣ። ጥምቀት በ2019 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ደስ ይላል። ግን ምዝገባው ለጎረቤቴ ምንም አይነግረውም። የሚነግረው አጠገቡ የሚቆም ሰው ነው። ሰው ሁሉ ድንገት ለምን ጫማውን እንደሚያወልቅ፣ ወጣቶቹ ምንጣፉን ለምን እየጠቀለሉ እንደገና ፊት ለፊት እንደሚያነጥፉት፣ በታቦት ፊት ለምን እንደማይቋረጥ፣ ጸበል ሲረጭ የማይፈልግ ሰው የት መቆም እንደሚችል፣ መቼ ስልክ ማውጣት ነውር እንደሆነ። ይህን ሁሉ የሰፈር ልጅ በአሥር ደቂቃ ያስረዳዋል። ሳይነገረው ቆሞ የሚገፋ እንግዳ ግን ፈርቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ በሩንም ይዘጋል።

አማኝ እናድርገው ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁንልኝ። ሱዳናዊው ጎረቤት ምናልባት ሙስሊም ነው። የጎንደር ሙስሊሞች ጥምቀትን እንዴት እንደሚያዩት ልጅ ሆኜ አውቃለሁ። ሰፈራችን የነበሩት ጎረቤታችን ሱቃቸው ፊት ያለውን መንገድ በዋዜማው ውኃ አርከፍክፈው ያስጠርጉት ነበር፣ ታቦቱ ሲያልፍም ቆመው ያሳልፉት ነበር። እኛም በዒድ እነሱ ቤት እንጠራ ነበር። ስለዚህ ለአዲሱ እንግዳ ማስረዳት የሚችሉት ክርስቲያኖች ብቻ አይደሉም። እንዲያውም በዓረብኛ ሊያናግሩት የሚችሉት እነሱ ይሆናሉ።

ለጋዜጣው አንድ ነገር ልለምን። ከሚቀጥለው ከተራ በፊት አንድ ገጽ አውጡልን። በአማርኛ፣ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ይሁን። ስለ ታሪኩ ረጅም ሐተታ አያስፈልገውም። አንድ አዲስ ሰው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎችና አጭር መልሶቻቸው ይበቃሉ፤ መልሶቹን የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ይመልከቷቸው። ቆርጦ ለጎረቤት መስጠት የሚቻል ይሁን። ጥያቄዎቹን እኔ ልልክላችሁ እችላለሁ። እኔ ካታኒያ ላይ የጠየቅኳቸውን እና አሮጊቷ እኔን የጠየቁኝን ጽፌ አስቀምጫለሁ።

አዘዞ ያለችው እህቴ ግቢ ውስጥ አንድ ሱዳናዊ ቤተሰብ ተከራይቷል፣ ሦስት ልጆች አሏቸው። የዘንድሮው ጥምቀት ሲያልፍ በአጥር ላይ ሆነው ሲያዩ ነበር አለችኝ። ለሚቀጥለው ከእነ ልጆችሽ አብረሽ ይዘሻቸው ውጪ፣ ካልፈለጉም በሩ ላይ ወንበር አውጥተሽ አብረሽ ተቀመጪ ብያታለሁ። «ምን ብዬ አስረዳቸዋለሁ? ዓረብኛ አልችል» አለችኝ። ገጹን ብታወጡት ቀድማ የምትቆርጠው እሷ ናት።

አክባሪያችሁ
የጎንደር ልጅ፣ ከካታኒያ
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ተልኳል)